ያገለገለ የመርከብ ኮንቴይነር ወይስ በላሜራ የተበየደ ሱቅ? ባሕር ዳር ላይ ለሚገዛ ሰው

ባሕር ዳር ውስጥ ሱቅ ወይም መጋዘን ሊከፍቱ ያሰቡ ወዳጆቼ ያገለገለ የመርከብ ኮንቴይነር እንደሚሻል ወይም እዚሁ ብየዳ ቤት የሚሠራው የላሜራ ሱቅ እንደሚያዋጣ ደጋግመው ይጠይቁኛል። እኔ የምመክረው ኮንቴይነሩን ነው፤ ዋናው ምክንያቴም ዋጋ ነው።

በግዢው ዕለት ላሜራው እንደሚረክስ አይካድም። ኮንቴይነር የሚገዛ ሰው ሻጩ ከሚጠራው ዋጋ ሌላ ከሞጆ ወይም ከአዲስ አበባ የሚያመጣውን መኪና፣ የመጫኛና የማውረጃ ክሬን፣ የመስኮትና የበር ማስቆረጫ ይከፍላል፤ ስለዚህ ዋጋው ባሕር ዳር ወርዶ እስኪቀመጥ ድረስ ያለውን ሁሉ ጠቅልሎ ቢዋዋል ይበጀዋል። ሆኖም ባለ 20 ጫማው ባዶውን ከ2 ቶን በላይ ስለሚመዝን የሁለቱንም ዋጋ ለኪሎ ማካፈል ይገባል፤ ርካሽ በተባለው ሱቅ ውስጥ ምን ያህል ብረት እንደጎደለ ያን ጊዜ ይታያል።

ወንድሜ ሽንብጥ ላይ የገዛው ሱቅ ኮንቴይነር እንዲመስል ተጣጥፎ ቀለም የተቀባ ስስ ላሜራ ነበር። ሁለተኛው ክረምት ሳያልፍ የብየዳው መስመር ዝጎ ጣራው ማፍሰስ ጀመረ፤ ለበያጅ፣ ለአንቲረስትና ለቀለም በየዓመቱ የሚያወጣው ሳያንስ ስኳርና ሲሚንቶ ረጥቦበታል። የመርከቡ ኮንቴይነር ብረት መዳብና ክሮም ስላለበት ዝገቱ ዘልቆ እስኪበላው ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ግን በዚያው ዕለት አንቲረስት ካልተቀባ፣ በተለይ በጣና ዳር እርጥበት፣ ከዚያ ይጀምራል። እውነተኛው በአራት ፊደላትና በሰባት አኃዞች ቁጥሩ፣ በበሩ ላይ ባለው የደኅንነት ሰሌዳና በስምንቱ ማዕዘኖች ባሉት ቀዳዳ ያላቸው ወፍራም ብረቶች ይታወቃል። በሩን ከውስጥ ዘግቶ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ መፈለግም ግድ ነው።

አገራችን ከምትልከው ይልቅ የምታስገባው ስለሚበልጥ ብዙው ኮንቴይነር ወደ ጅቡቲ የሚመለሰው ባዶውን ነው፤ ባዶ ሣጥን ማጓጓዝም ነዳጅ ያቃጥላል። ስለዚህ የመርከብ ድርጅቶች ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለገለውን ባለበት መሸጥ ያዋጣቸዋል፤ ገዢው ይህን አውቆ ጠንክሮ ይከራከር። ለእኛም አዲስ ብረት ከማቅለጥ ያለውን መጠቀም ለአየሩ ይቀላል። የእንጨት ወለሉ ግን ብዙ ጊዜ በፀረ ተባይ የተነከረ ስለሆነ ጤፍም ሆነ በርበሬ በቀጥታ አይቀመጥበትም።

ኮንቴይነር ወደ አገር የሚገባው ተመልሶ እንዲወጣ በጊዜያዊነት በመሆኑ ቀረጥ የተከፈለበት ሰነድና የባለቤቱ የሽያጭ ውል ሳይታይ ቀብድ መክፈል አይገባም።