9 ሳጥን፣ አንድ ወረቀት፣ ሦስት የማይግባቡ ሰዎች

እኔ ሶፍትዌር ነው የምማረው። ቡድናችን ውስጥ አንዲት የነርሲንግ ተማሪና አንድ የአካውንቲንግ ልጅ አሉ። የመድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ መተግበሪያ ስንሠራ ሁለት ወር ሙሉ አልተግባባንም። «ተጠቃሚ» ስንል እኔ ስልኩን የያዘውን፣ እሷ ታማሚውን፣ እሱ ከፋዩን ነበር የምናስበው።

ቢዝነስ ሞዴል ካንቫስን፣ ማለትም አንድ ንግድ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ወረቀት ላይ በ9 ሳጥን የሚያሳየውን ቅጽ፣ ግድግዳ ላይ ስንለጥፍ ይሄ ፍጥጥ ብሎ ወጣ። መነሻው አሌክሳንደር ኦስተርዋልደር በ2004 እ.ኤ.አ. ለሎዛን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ነው። የደንበኛው ሳጥን ብቻ አንድ ከሰዓት ፈጀብን። ተጨቃጨቅን፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አንድ ነገር።

ጉድለት አለው። ማን ስንት ድርሻ ይወስዳል፣ ከምረቃ በኋላ ማን ይቀጥላል የሚል ሳጥን የለውም። እኛን ሊያጣላን የደረሰው ደግሞ ይሄው ጥያቄ ነው። ለብቻው ጽፈን ፈረምን። ካንቫሱ በነፃ ይገኛል። በእርሳስ ሙሉት፤ እኛ በእስክሪብቶ ሞልተን ሦስቴ ቀደናል።