ለአንዲት የላብ ቴክኒሻን ምስጋና፣ ለባሕር ዳር መምህራን ጥቆማ

ሰላም የባሕር ዳር ሰዎች። በተለይ የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ መምህራን፣ ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ።

እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ጥቂት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼን እውነተኛ ምርምር ያስጀመረችልኝ አንዲት የላብ ቴክኒሻን አለች። የምትሠራው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ስሟን እዚህ ብጽፈው ስለምትቆጣኝ ትቼዋለሁ። ልጆቹ "ቲቸር" ይሏታል፤ እሷ ደግሞ "ቲቸራችሁ ያውላችሁ" እያለች ወደ እኔ ትጠቁማለች።

መጀመሪያ የጠየቅኳት ላብራቶሪውን እንድታስጎበኛቸው ብቻ ነበር። "ጉብኝቱ ይቅርብዎት። ልጆቹ ጥያቄ ይዘው ይምጡ፤ እኔም መልሱን የማላውቀው ይሁን" አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ክፍል የምናሠራው ላብ፣ ቀንቶን ከሠራን ማለቴ ነው፣ መልሱ መጽሐፉ ላይ አለ። ቁጥሩ እምቢ ያለው ተማሪ ከጓደኛው ይገለብጣል፤ አለቀ።

ልጆቹ የጣና ውሃ ምን ያህል እንደደፈረሰ እንለካለን አሉ። መሣሪያው ሴኪ ዲስክ ይባላል። ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሳህን ነው። ልጆቹ ራሳቸው ከቆርቆሮ ቆርጠው ቀቡት፣ ከሥሩ ክብደት አሰሩበት። ምልክት ባለው ገመድ ውሃ ውስጥ ይወርዳል። ከዓይን የጠፋበትና ሲሳብ ተመልሶ የታየበት ጥልቀት ይመዘገባል፤ አማካዩ ይወሰዳል። የሚለካው በጀልባው ጥላ በኩል ነው፤ የፀሐይ መነጽር ክልክል።

አንድ ቅዳሜ አንዱ ልጅ ከሰዓት የለካው ቁጥር ከጠዋቱ በጣም አነሰበት። የተሳሳተ መስሎት በላጲስ አጠፋውና ከጠዋቱ ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ተካበት። አየችው። አልጮኸችበትም። ደብተሩን ተቀብላ "የጠፋው ስንት ነበር?" አለችው። ከዚያ ወዲህ እርሳስ የለም። በእስክሪብቶ ይጻፋል። የሚሰረዝ ካለ በአንድ መስመር፣ የታችኛው እንዲነበብ ሆኖ ይሰረዛል፤ የተሰረዘበት ምክንያትም አጠገቡ ይጻፋል። ሰዓቱ፣ ንፋሱ፣ ደመናው፣ የለካው ሰው ስም፣ ሁሉም ይገባል።

ነገሩ ያማረው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ቁጥር ስህተት ላይሆን ይችላላ! ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተንጣልሎ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር አካባቢ ነው። ከሰዓት ንፋስ ሲነሳ ሥሩ የተኛውን ደለል ሊያማስለው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄያቸው ተቀየረ። የጠዋቱና የከሰዓቱ ልዩነት ምን ያህል ነው? ደንገል ባለበት ዳርና በተራቆተው ዳር እኩል ነው ወይ? ይህን እኔ አልነገርኳቸውም። ገና እየለኩ ነው፣ እስካሁን መልስ አለን አይሉም።

ወላጆች የሚጨነቁበትም አለ። እሷ ዘንድ ያለ ላይፍ ጃኬት ጀልባ ላይ መውጣት የለም። ቢልሃርዚያ ስላለ እግሩን ውሃ ውስጥ የሚነክር አይኖርም። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስለሚኖር ወደዚያ አይቀርቡም።

የልጆቹ ምርጫ ላይ ትንሽ ተከራክረናል። እኔ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡትን ልወስድላት ነበር። እሷ "በጥያቄ የሚያስቸግሩዎትንም ይጨምሩ" አለችኝ። ቀላቀልኩ። በስሌት አንደኛ የወጣችውን የሚያህል የለም። ለምዝገባው ግን ከክፍሉ መሃል ላይ ያለ አንድ ዝምተኛ ልጅ ሁሉንም ይበልጣል። ደረጃ ብቻ አይቼ ብመርጥ ኖሮ ይሄ ልጅ አይገባም ነበር።

አሁን ወደ ጥቆማው። ክፍያ አትቀበልም። ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ ከወላጅ የፈቃድ ፊርማ ትፈልጋለች። የሚመቻት ቅዳሜ ነው። የጀልባውን ወጪ እናንተ ትችላላችሁ። ኮስታራ ናት፤ ያረፈደ ተማሪ ቆሞ ይቀራል። ለሳይንስ ፌር ሰርተፊኬት ብቻ የሚፈልጋት ካለ ባይደክም ይሻለዋል፤ ውጤት ቶሎ አይመጣም።

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ደለል ጭነው ስለሚመጡ ውሃው ሌላ ይሆናል። ከዚያ በፊት ያለውን ልኬት መያዝ የሚፈልግ ካለ ከአሁኑ ይጀምር።