«ከተፈታ አይቀር አብረን እንቀይረው»፦ የ9 ወር ሂሳብ

መኪናዬ በፈረንጆቹ 1999 የተሠራች ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ዓይነት። ጥቅምት ላይ ስገዛት የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አየሁ፤ አላመንኩትም። ታይሚንግ ቺንጋው (የሞተሩን የታችና የላይ ዘንጎች አገናኝቶ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ሻጩም አያውቅ። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሰርቪስ አሠራሁላት፤ ያልተበላሸውም ቢሆን ቀድሞ ይቀየር ብዬ። ከዚያ ወዲህ 9 ወር ነድቻታለሁ። አብዛኛው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ አዳማ ደርሶ መልስ አለ። ዋጋ አልጽፍም፤ የመለዋወጫ ዋጋ ዛሬ ቢጻፍ ሳምንት አያድርም።

ከቺንጋው ልጀምር። ለዚህ ሞተር ይቀየር የሚባለው በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ጎማ ነውና ቆማ የከረመች መኪና ላይም ያረጃል። መካኒኩ «ልጄ፣ ከተበጠሰ ባልቦላውን ያጣምመዋል፣ ሞተር ማውረድ ነው» ብለው አስፈራሩኝ። በብዙ ሞተሮች ላይ እውነታቸውን ነው። 4ኤ-ኤፍኢ ላይ ግን ፒስተኑ ባልቦላው ጋ አይደርስም። ቺንጋው ቢበጠስ ሞተሩ ይጠፋል እንጂ አይሰበርም። ይህን ያወቅኩት ከፍዬ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ቀድሜ ባውቅም ግን እቀይረው ነበር። ይህ ቺንጋ ሲበጠስ አይጮህም፣ አይሸትም፣ አያንጠባጥብም። ፈጣን መንገድ ላይ ከኋላዬ ሲኖትራክ እየመጣ ሞተር ቀጥ ሲልብኝ ማየት አልፈልግም። ደግሞ ሽፋኑ ሲከፈት ጉድ ወጣ፦ አሮጌው ቺንጋ ግማሽ ጎኑ በዘይት ርሷል። ባልቦላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ጫፍ ላይ ዘይት የሚይዘው የጎማ ቀለበት ደርቆ ያፈስ ነበር። ዘይት የነካው ቺንጋ ዕድሜ የለውም። ቀለበቱን ሳይቀይሩ አዲስ ቺንጋ ብቻ የሚያስገቡ አሉ፤ እኔ ግን አብሬ አስቀየርኩት። እስካሁን ደረቅ ነው።

የውሃ ፓምፑን ተውኩት። «ከቺንጋው ጋር አብሮ ይቀየራል» የሚባለው ፓምፑን ታይሚንግ ቺንጋው በሚያዞርበት ሞተር ላይ ነው። በኔዋ ላይ የሚያዞረው ውጪ ያለው የዲናሞ ቺንጋ ነው። ፑሊው እጅ ላይ ወጥቶ ስለነበር ዘንጉን ነቅነቅ አድርጌ አየሁት፤ አይላወስም፣ አያንጠባጥብም። በቃ። 9 ወር ሆነው፣ ጠብታ የለም።

ከሁሉም በላይ የተጠቀምኩት ግን ማንም ያልመከረኝ ላይ ነው፦ የራዲያተር ክዳንና ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው)። የቴርሞስታቱ ቤት ሲከፈት ባዶ ነበር! የቀድሞው ባለቤት አስነቅሎታል። እዚህ አገር ሞተር ትንሽ ከሞቀ የመጀመሪያው መድኃኒት «ቴርሞስታቱ ይውጣ» ነው። ሞተሩ በጠዋት ሳይሞቅ እየሄደ ቤንዚን ሲጠጣ ማንም አይቆጥርም። በ82 ዲግሪ የሚከፈት አስገባሁ፤ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው አሁን 11 ትሄዳለች። ክዳኑ ደግሞ ጎማው ተሰነጣጥቆ ግፊት መያዝ አቁሞ ነበር። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ግፊት የማይይዝ ክዳን ካለ ከ82 እስከ 92 ያለችው አሥር ዲግሪ ብቻ ናት የምትቀርህ። የቧንቧ ውሃውን አስወጥቼ ኩላንት ሞላሁ። ከአዳማ ስመለስ ዳገቱ ላይ የሙቀት ጌጁ አይነቃነቅም።

ካንዴላዎቹ? ቀየርኳቸው፤ ልዩነት አላየሁም። አሮጌዎቹ ኮፋኖ ውስጥ በካልሲ ተጠቅልለው አሉ።

አሁን ወደሚያናድደኝ። ቀኝ የፊት ጎማው ለሌላ ሥራ ወልቆ ሳለ መካኒኩ «ከተፈታ አይቀር ኩሽኔታውንም እንቀይረው» አሉኝ፤ ጎማው የሚሽከረከርበትን ማለታቸው ነው። ድምፅ አልነበረውም። ጎማውን ይዘው ቢነቀንቁትም አይላወስም። እሺ አልኩ። አሮጌው የጃፓን ኩሽኔታ በፕሬስ ተመቶ ሲወጣ ተበላሸ፤ ለመመለስ እንኳ የሚሆን አልነበረም። አዲሱ ካርቶኑ ያምራል። በአራተኛው ወር ግን ከ60 በላይ ስነዳ «ሁ…ሁ…ሁ» ማለት ጀመረ። በስድስተኛው ወር ሬዲዮ ከፍቼም ይሰማኛል። በመጨረሻ ሁለተኛ ጊዜ ገዛሁ፤ የእጅም ዋጋ ሁለተኛ ጊዜ ከፈልኩ። ኩሽኔታ ሲያረጅ ወራት ቀድሞ ይጮሃል፤ ጤነኛውን ለማውጣት ምን አስቸኮለኝ? ያወጣሁት ከገባው የተሻለ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። አሁን አሮጌ ዕቃ ሁሉ ሳይጣል አሳዩኝ እላለሁ፤ ካልላላ፣ ካላፈሰሰ፣ ካልተሰነጠቀ ይመለስ።

የግራው ያን ቀን ያልተቀየረው ሱቁ አንድ ብቻ ስለነበረው ነው። ዛሬም ከፋብሪካ የወጣው ነው፣ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ባለፈው ሰርቪስ ላይ መካኒኩ ጎንበስ ብለው አዩትና «የግራውን አብረን አንቀይረውም?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እሱ ራሱ ሲጠራን እንመጣለን» አልኳቸው።