«አካውንት ክፈት» የሚል ኪቦርድ ከመግዛታችሁ በፊት

ከሦስት ሳምንት በፊት ፒያሳ ካሉት የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫዎች አንዱ ገብቼ የጌሚንግ ኪቦርድና ማውስ ገዛሁ። ሁለቱ በ7,200 ብር። ለታናሽ ወንድሜ ነው፤ ማትሪክ ካለፍክ እገዛልሃለሁ ብዬው ነበር። ዕቃውን አልነቅፍም። ቁልፎቹ ለጣት ይመቻሉ፣ መብራቱም ያምራል። የተቃጠልኩት አብሮት በመጣው ፕሮግራም ነው። ብዙ ሰው እንደኔ ሳያስተውል እየገዛ ስለሆነ ነው ይህን የምጽፈው።

ዕቃውን ለመሞከር የቤታችንን ላፕቶፕ ይዤ ነበር የሄድኩት። ሻጩ ልጅ ፍላሽ አውጥቶ ሰካበት። «ወንድሜ፣ ድራይቨሩ ካልተጫነ አይሰራልህም» አለኝ፤ ድራይቨር ኮምፒውተሩ የተሰካበትን ዕቃ እንዲያሠራ የሚያስችለው ፕሮግራም ነው። እኔም ዝም አልኩ። ፕሮግራሙ ተጭኖ እንዳለቀ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃልና የትውልድ ቀን ጠየቀ። ልጁ እኔን ሳይጠይቅ በሱቁ ኢሜይል ገባ። «ቶሎ እንድትሄድ ብዬ ነው» አለ። ያኔ አመስግኜው ወጣሁ። እናቴ የባንክ ሂሳቧን የምታይበት፣ እኔ የመሥሪያ ቤቴን የደመወዝ ሰነድ የምሠራበት ላፕቶፕ የማላውቀው ሰው አካውንት ተከፍቶበት ቤቴ ገባ።

ያነቃኝ ፓኬጅ ነው። እኛ ቤት ዋይፋይ የለም፤ ከስልኬ ሆትስፖት እየከፈትን ነው የምንጠቀመው። ሳምንት ያደርሰናል ብዬ የገዛሁት ዳታ በሦስተኛው ቀን አለቀ። ወንድሜን ተቆጣሁት። እሱ ግን ምንም አላወረደም። ዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ የሚለው ጋ ገብታችሁ «ዳታ ዩሴጅ» የሚለውን ብትከፍቱ፣ ባለፉት 30 ቀናት የትኛው ፕሮግራም ስንት ሜጋባይት እንደበላ ይዘረዝርላችኋል። እዚያ ሳይ ከብራውዘሩ ቀጥሎ የተቀመጠው የኪቦርዱ ፕሮግራም ነው። ኪቦርድ! ወንድሜን ይቅርታ ጠየቅሁት።

የዚያኑ ቀን ማታ ቁጭ ብዬ «እስማማለሁ» ብለን ያለፍነውን ውል አነበብኩ። ረጅም ነው፤ ግን ደግሜ አነበብኩት። የኮምፒውተሩን መለያ ቁጥር፣ የኢንተርኔት አድራሻችንን፣ የተጫኑትን ጌሞች ዝርዝርና በየትኛው ስንት ሰዓት እንደተጫወትን ይሰበስባል። ለ«አጋሮቹ» ሊያካፍልም ይችላል። አጋሮቹ እነማን እንደሆኑ አልተጻፈም። ፕሮግራሙ የምንጽፈውን ቃል ይወስዳል አልልም፤ ያንን የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም። ግን ለመብራት ማስተካከያ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልገዋል?

አንድ ነገር ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሱቁ ውስጥ ዝም አልልም ነበር። ኪቦርድና ማውስ እንዲሠሩ የሚያስፈልገው ድራይቨር ዊንዶውስ ውስጥ ቀድሞውኑ አለ። ሰክታችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ሱቅ ውስጥ «ድራይቨር» የሚሉት የኩባንያው ተጨማሪ ፕሮግራም ነው። ሥራው መብራት መቀየር፣ የማውሱን ፍጥነት ወይም ዲፒአይ ማስተካከልና ማክሮ መቅዳት ነው። ማክሮ ማለት ብዙ ቁልፎችን ባንድ ቁልፍ ማሠራት ነው። ይህን ለማድረግ ፕሮግራሙ የምትነኩትን ቁልፍ ማየት መቻል አለበት። ጭንቀቴ ይህ ነው። እናቴ የይለፍ ቃሏን ስትጽፍ ያ ፕሮግራም በዚያው መንገድ ላይ ተቀምጧል። ኩባንያው ቅን ቢሆን እንኳ አንድ ቀን ቢሳሳት ወይም ቢሰረቅ የሚወጣው የቤታችን ገመና ነው።

አጋነንክ የሚለኝ ይኖራል። እስካሁን የሆኑትን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ማንቲስቴክ ጂኬ2 የሚባል የጌሚንግ ኪቦርድ ፕሮግራሙ አሊባባ ክላውድ (የቻይናው አሊባባ የሚያከራየው የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ወዳለ ሰርቨር መረጃ ሲልክ ተጠቃሚዎች ደረሱበት። መጀመሪያ የተጻፈው ሁሉ ይላካል ተብሎ ተወራ። በኋላ ሲጣራ የሚላከው እያንዳንዱ ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደተነካ የሚያሳይ ቆጠራ ሆኖ ተገኘ። ቆጠራም ቢሆን ባለቤቱ ሳያውቅ ነው የሚሄደው። በዚያው ዓመት በአንዳንድ የኤችፒ ላፕቶፖች ላይ የነበረ የድምፅ ድራይቨር የተጻፈውን ሁሉ ማንም ሊከፍተው በሚችል ፋይል ሲመዘግብ ተገኝቷል። ሞድዜሮ የተባለ የስዊዘርላንድ የደህንነት ድርጅት ነው ይፋ ያወጣው። ኤችፒ ማስተካከያ አወጣ። ሆን ተብሎ ለስለላ የተሠራ አልነበረም፤ ፕሮግራመሮች ለሙከራ ያስገቡት ነገር ሳይወጣ ቀርቶ ነው። ለኔ ይሄ የበለጠ ያስፈራል። ክፉ ሰው ሳይኖርም ይሆናላ።

በ2020 ደግሞ ሬዘር የተባለው የጌሚንግ ዕቃ አምራች ደንበኞች መረጃ በአግባቡ ያልተዘጋ ሰርቨር ላይ ተጋልጦ ተገኘ። ያገኘው ተመራማሪ ወደ 100,000 ሰው ይሆናል ብሎ ገምቷል። ስም፣ ኢሜይል፣ ስልክ፣ ዕቃ የተላከበት አድራሻ። የባንክ ካርድ ቁጥር አልነበረበትም። በ2025 የሆነው የባሰ ነው። ኤንድጌም ጊር የተባለ የጌሚንግ ዕቃ አምራች የአንዱ ማውሱ ማስተካከያ ፕሮግራም፣ በራሱ በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ከጁን 26 እስከ ጁላይ 9 ቫይረስ ተቀላቅሎበት ሰዎች ሲያወርዱት ነበር። ቫይረሱ ኤክስሬድ ይባላል፤ የሚጻፈውን የሚሰርቅ ዓይነት ነው። ከኩባንያው ድረ ገጽ የወረደው እንዲህ ከሆነ፣ ከሱቅ ፍላሽ የተጫነውን አስቡት። ያ ፍላሽ ከኔ በፊት የስንት ሰው ኮምፒውተር ላይ ተሰክቷል?

አካውንቱ የግድ ነው የሚሏችሁንም አትመኑ። የግራፊክስ ካርድ አምራቹ ኤንቪዲያ ለዓመታት ጂፎርስ ኤክስፒሪየንስ የተባለውን የካርዱን ፕሮግራም ያለ አካውንት አላስገባም ሲል ቆይቶ፣ በ2024 የተካው አዲሱ መተግበሪያ ያለ አካውንት ይሠራል። መሣሪያው አካውንት ስለፈለገ አልነበረም ማለት ነው። ኩባንያው ስለፈለገ ነው።

በአራተኛው ቀን ደረሰኜን ይዤ ሱቁ ተመለስኩ። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ ግድግዳው ላይ ተጽፏል» አሉኝ። «ጋሼ፣ አካውንት እንደሚጠይቅ ቢነገረኝ አልገዛም ነበር» አልኳቸው። ካርቶኑ ላይም አልተጻፈም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛም በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ሳይነገረኝ አብሮ የመጣ ግዴታ ለኔ ጉድለት ነው። እሳቸው አልተቀበሉትም። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ኪቦርዱን በሌላ ቀየሩልኝ፣ 600 ብር ጨመርኩ። ማውሱ እኔው ጋ ቀረ። ደረሰኝ ባይኖረኝ ይህንንም አላገኝም ነበር።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። መረጃ የሚሰበሰበው ለተገለጸ ዓላማ፣ በሚያስፈልገው ልክ ብቻ መሆን እንዳለበት ይላል። የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሱቁ በራሱ ኢሜይል የደንበኛ ኮምፒውተር ላይ አካውንት ሲከፍት ይህ አዋጅ ሊያሳስበው ይገባል እላለሁ።

ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ዕቃው ምንም ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ይሰካላችሁ። ይጻፍ፣ መብራቱ በቁልፍ ይቀየር እንደሆነ እዩ። ኤፍኤን የሚለውን ቁልፍ ይዞ መብራት የሚቀይር ኪቦርድ ብዙ አለ። «ኦንቦርድ ሜሞሪ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካለው ማስተካከያው ዕቃው ውስጥ ይቀመጣል፤ አንዴ አስተካክላችሁ ፕሮግራሙን ማጥፋት ትችላላችሁ። ቪያ በሚባለው ማስተካከያ ፕሮግራም የሚስተካከል ኪቦርድ ካገኛችሁ ደግሞ እሱን ምረጡ፤ አካውንት አይጠይቅም። ፍላሻቸውን ግን በፍጹም አታሰኩ። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ፕሮግራሙን አራግፉና ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ። ከዚያ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርታፕ» የሚለውን ክፈቱና መቅረቱን አረጋግጡ። የኔ ካራገፍኩት በኋላም አንድ ማዘመኛ ትቶ ነበር። ዊንዶውስ ዕቃው በተሰካ ቁጥር የኩባንያውን ፕሮግራም ራሱ ሊያመጣ ስለሚችል፣ «ዲቫይስ ኢንስታሌሽን ሴቲንግስ» ብላችሁ ፈልጉና «ኖ» የሚለውን ምረጡ። በሆትስፖት የምትጠቀሙ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን፣ ማለትም ዊንዶውስ ዳታ እንዲቆጥብ የሚያደርገውን፣ አብሩት፤ ፓኬጃችሁ ይተርፋል። ሱቅ የከፈተላችሁ አካውንት ካለ ከሱ ውጡ። እኛ ይህን ሁሉ ከጨረስን በኋላ የእናቴን የይለፍ ቃል ከላፕቶፑ ሳይሆን ከስልኳ ቀየርንላት።