«ያለ ኮሚሽን» የሚል የምንዛሪ መስኮት ስታዩ

ይህን የምጽፈው ንዴቱ ሳይበርድልኝ፣ ደረሰኙም ገና በእጄ እያለ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሻንጣ ተቀብለን ስንወጣ ፊት ለፊት የሚቀበሉንን፣ «ያለ ኮሚሽን» የሚል ሰሌዳ የሚያበሩትን የምንዛሪ መስኮቶች የማያውቅ መንገደኛ ስለሌለ ስለ እነርሱ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም። እኔም አውቃቸው ነበር፤ ይበልጥ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

በሰሌዳው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋጋ በስልኬ ካየሁት የዕለቱ ምንዛሪ ጋር አስተያይቼ ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል መሆኑን ሳውቅ፣ በራሴ ብልህነት እየተደሰትሁ 400 ዶላር በመስኮቱ ሥር አሳለፍሁ። ለታክሲ ብቻ ቢሆን 50 ይበቃኝ ነበር። ሠራተኛዋ ኖቶቹን በማሽን ቆጠረች፣ ፓስፖርቴን ተቀብላ መዘገበች፣ ከዚያም ገንዘቡን ሳታወጣ ደረሰኙን ከእስክሪብቶ ጋር ወደ እኔ ገፋችው። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ፊርማ፣ ቀጥሎ ገንዘብ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፣ ፊደሉም የጉንዳን እግር የመሰለ ነበርና ሳላነብ ፈረምሁ። የተሰጠኝን ቆጠርሁ፤ ጎደለ። ደግሜ ቆጠርሁ፤ ያው ነው። በሰሌዳው ዋጋ ይደርሰኝ ከነበረው 18 በመቶ፣ ማለትም 72 ዶላር የለም።

«ስሕተት ያለ ይመስለኛል» አልኋት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ በእስክሪብቶዋ ጫፍ የሰሌዳውን ግርጌ ጠቆመችኝ፤ ትልቁ ዋጋ ከ2,000 ዶላር በላይ ለሚመነዝር ብቻ እንደሆነ እዚያ በደቃቅ ጽሑፍ ሰፍሯል። እንግዲያው ዶላሬን መልሺልኝ ብላት «ልንሸጥልዎት እንችላለን» አለችኝ። ዶላር የሚገዙበትና የሚሸጡበት ዋጋ እጅግ የተራራቀ ስለሆነ፣ ከአምስት ደቂቃ በፊት የእኔ የነበረውን 400 ዶላር መልሼ ልግዛ ብል በእጄ የሚገባው 270 ገደማ ነበር። ኮሚሽን የለም ማለታቸውም ሐሰት አልነበረም፤ ትርፋቸው በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ተቀምጦ ሳለ ኮሚሽን ምን ይሠራላቸዋል? «ፈርመዋል እኮ» አለችና በትከሻዬ በላይ አሻግራ ቀጣዩን ሰው ተመለከተች። እኔስ ምን አደረግሁ? ስላስጠበቅሁት ያንን ሰው ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ተዘርፌ ይቅርታ ጠየቅሁ!

በቼክ ሪፐብሊክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2019 ጀምሮ፣ እስከ 1,000 ዩሮ የመነዘረ ደንበኛ በ3 ሰዓት ውስጥ ውሉን ማፍረስ እንዲችል በሕግ መደንገጉን ያነበብሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ነው። እኔ የነበርሁበት አገር ቼክ አልነበረም።

ገንዘባችሁን ከመስጠታችሁ በፊት በትክክል ስንት እንደሚደርሳችሁ በወረቀት አስጽፉ። ከባንክ የገንዘብ ማሽን በካርድ ብታወጡ ይሻላል፤ ማሽኑ ካርዳችሁ በተሰጠበት አገር ገንዘብ አስልቶ ሊያስከፍላችሁ ሲጠይቅ ግን እምቢ ብላችሁ ያላችሁበትን አገር ገንዘብ ምረጡ፣ አለዚያ ያው ወጥመድ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ከዚያ መስኮት አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር፤ ያየሁትም 72 ዶላሬን ጥዬ ስወጣ ነው።