ለሌሊት ፎቶ ያገለገለ ሚረርለስ የምትገዙ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ ሳትፈትኑ ቀብድ አትስጡ

ሰሞኑን አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ደጋግሞ እየመጣብኝ ነው። "ለሌሊት ፎቶ ተመራጭ ሚረርለስ፣ ፉል ፍሬም፣ ሹተር ካውንቱ ዝቅተኛ፣ እንደ አዲስ።" ሚረርለስ ውስጡ የሚያንጸባርቅ መስታወት የሌለው ዲጂታል ካሜራ ነው፤ ፉል ፍሬም ማለት ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባይ ክፍሉ) ትልቅ ነው ማለት ነው፤ ሹተር ካውንት ደግሞ ሹተሩ፣ ማለትም የብርሃን መዝጊያው፣ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ከማስታወቂያው ሥር የፍኖተ ሐሊብ ፎቶ ተለጥፏል። ፎቶው ያማልላል። ዋጋውም ከሌሎቹ ቀነስ ይላል። ኮከብ ለማንሳት የጓጓ ሰው ይህን ሲያይ ቀብድ ለመላክ ብዙ አያስብም።

እባካችሁ አስቡ። ቀን ላይ እንከን የማይወጣለት ካሜራ ሌሊት ላይ ለምንም የማይረባ ሊሆን ይችላል። ሻጩን ቀን አግኝታችሁ፣ ሁለት ሦስት ፎቶ አንስታችሁ፣ "ፎከሱ ይሠራል፣ ስክሪኑ ደህና ነው" ብላችሁ ከከፈላችሁ፣ ካሜራውን ለምትፈልጉት ሥራ አልፈተናችሁትም። በ1/200 ሰከንድ የማይታይ ችግር በ4 ደቂቃ ውስጥ ፍንትው ብሎ ይወጣል።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ጓደኛዬ ሊገዛው የነበረ ካሜራ ነው። ከመክፈሉ በፊት "እስቲ አንተም እየው" አለኝና አብረን ሄድን። ሻጩ ትሁት ሰው ነው። ካሜራው ከነካርቶኑ ቀረበ። ቦዲው (ያለ ሌንስ ካሜራው ራሱ) ላይ ጭረት የለም። ሹተር ካውንቱም እንደተባለው ትንሽ ነው። ደጅ ወጥተን ያነሳናቸው ፎቶዎች ጥርት ያሉ ነበሩ። ብርሃን እንዳይገባ የቦዲ ክዳኑን ገጥሜ የ4 ደቂቃ ፎቶ ላንሳ ስል ግን የሰውየው ፊት ተለወጠ። "ጥቁር ፎቶ ምን ያደርግልሃል?" አለኝ። አነሳሁ። 4 ደቂቃው ካለቀ በኋላ ካሜራው ሌላ 4 ደቂቃ አልታዘዝም ብሎ ቆየ። "ፕሮሰስ እያደረገ ነው" አለ ሻጩ። የወጣው ምስል ድፍን ጥቁር፣ ንጹሕ ነበር።

ያ ቆይታ የሚያሳየው የረጅም ኤክስፖዠር (ሹተሩ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ የሚነሳ ፎቶ) ኖይዝ ሪዳክሽን፣ ማለትም የምስል ጉድፍ ቅነሳ፣ በርቶ እንደነበር ነው። ይህ ሲበራ ካሜራው ፎቶውን ካነሳ በኋላ ሹተሩን ዘግቶ ለዚያው ያህል ጊዜ ሁለተኛ፣ ጨለማ ፎቶ ያነሳል። በጨለማው ፎቶ ላይ የታየውን የሴንሰር እንከን ከመጀመሪያው ላይ ይቀንሳል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ቅነሳው በራው ፋይሉም (ካሜራው ወደ ጄፔግ ሳይቀይር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ላይ የሚሠራ መሆኑን ነው። "ራው ስለሆነ ያልተነካ ነው" በሚል ንግግር እንዳትሸወዱ።

ሜኑ ውስጥ ገብቼ አጠፋሁትና ደግሜ አነሳሁ። አሁን በአንድ ጠርዝ በኩል ሐምራዊ ጸዳል ታየ። መሃል ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን መስመር አለ። መስመሩ ላይ ተሰባስበው የቆሙ ነጫጭ ነጥቦች አሉ። ሻጩ "ሁሉም ካሜራ እንዲህ ነው" አለ። ጓደኛዬ ገንዘቡን ይዞ ተመለሰ። ማስታወቂያው ግን አልወረደም። ያው የፍኖተ ሐሊብ ፎቶ፣ ያው "እንደ አዲስ" የሚል ቃል አለ።

"ሁሉም ካሜራ እንዲህ ነው" የሚለው ነገር ግማሹ እውነት ነው። ገዢን የሚያሳስተውም ለዚህ ነው። ስለዚህ የትኛው የተለመደ፣ የትኛው ብልሽት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ማንኛውም ሴንሰር ብርሃን ባይገባበትም በራሱ ሙቀት የተነሳ ጥቂት ምልክት ያመነጫል። ይህ ምልክት ሙቀቱ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል። ከፒክስሎቹ ውስጥ አንዳንዶቹ ከሌሎቹ በጣም ይብሳሉ። ረጅም ኤክስፖዠር ላይ እንደ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም ነጭ ነጥብ ሆነው የሚታዩት እነሱ ናቸው። ሆት ፒክስል ይባላሉ። ሚሊዮኖች ፒክስል ባለው ሴንሰር ላይ ተበታትነው የሚታዩ ነጥቦች ሊያስደነግጧችሁ አይገባም። በጨለማ ፎቶ ይቀነሳሉ። በርካታ ካሜራዎች ደግሞ ሜኑአቸው ውስጥ ፒክስል ማፒንግ የሚባል ነገር አላቸው። ኦሊምፐስና ፓናሶኒክ ላይ በቀላሉ ታገኙታላችሁ። መጥፎዎቹን ፒክስሎች መዝግቦ በጎረቤቶቻቸው ዋጋ ይተካቸዋል።

የማይድነው ሌላ ነው። ረጅም ኤክስፖዠር ላይ እስከ ጫፍ የሞላ ፒክስል መረጃው ጠፍቷል፤ ከሞላ ነገር ላይ ቢቀነስ ኮከቡ አይመለስም። በአንድ ቦታ የተሰባሰበ የነጥብ ክምችት፣ ሙሉ መስመር ወይም ሙሉ አምድ ብዙ ጊዜ የሌዘር ጉዳት ምልክት ነው። የሙዚቃ ድግስ ሲቀርጽ የኖረ ካሜራ ላይ የመድረኩ ሌዘር በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ከገባ፣ ሴንሰሩን በቅጽበት ያበላሸዋል። ፒክስል ማፒንግ ይህን አያክምም። መፍትሔው ሴንሰር መቀየር ነው፤ ያ ደግሞ ያገለገለውን ቦዲ ዋጋ የሚጠጋ ወጪ ሊያስወጣ ይችላል። ጠርዝ ላይ የሚወጣው ጸዳል በአብዛኛው ከሴንሰሩ አጠገብ ካሉ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች የሚመጣ ነው። ትንሽ ከሆነ በጨለማ ፎቶ ይቀነሳል። የፎቶውን ሩብ የሚሸፍን ከሆነ ግን ቅናሽ አድርጌ ልግዛው አትበሉ። ተዉት።

አፈታተኑ ከባድ አይደለም። ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። መጀመሪያ የረጅም ኤክስፖዠር ኖይዝ ሪዳክሽኑን አጥፉ። ፋይሉን ራው ላይ አድርጉ። ቀጥሎ 15 ደቂቃ ያህል ቪዲዮ ቅረጹበት፤ ሴንሰሩ ይሞቃል። ቀዝቃዛ ካሜራ ጨዋ ይመስላል፣ የእናንተ ሌሊት ግን ከፎቶ ፎቶ እየሞቀ ነው የሚሄደው። ከዚያ ሌንሱን አውልቃችሁ የቦዲ ክዳኑን ግጠሙና አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) 1600 ላይ አንድ የ30 ሰከንድ፣ ቀጥሎ ሁለት የ4 ደቂቃ ፎቶ አንሱ። ሁለቱን የ4 ደቂቃ ፎቶዎች ላፕቶፕ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡና 100 ፐርሰንት አጉሏቸው። በሁለቱም ላይ አንድ ቦታ ላይ ያለ ነጥብ ሆት ፒክስል ነው። ቦታውን የሚቀያይረው ተራ ኖይዝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እንደ ላይትሩም ያሉ ሶፍትዌሮች ራው ፋይሉን ሲከፍቱ ብዙ ሆት ፒክስሎችን ሳይነግሯችሁ ያጠፋሉ። ሮውቴራፒን በመሰለ ሶፍትዌር፣ የሆት ፒክስል ማጣሪያውን አጥፍታችሁ እዩት። የካሜራው ስክሪን ላይ ብቻ አይቶ መፍረድ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። እዚያ የሚታየው የተስተካከለ ጄፔግ ነው።

ብርሃን ሾልኮ የሚገባበት ቀዳዳ መኖሩም ይፈተናል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ክዳኑ እንደተገጠመ ሌላ የ30 ሰከንድ ፎቶ፣ አይኤስኦውን ከፍ አድርጋችሁ አስጀምሩ። በዚያ ጊዜ የእጅ ባትሪ በማውንቱ (ሌንሱ በሚገጠምበት ቀለበት) ዙሪያ፣ በባትሪና በካርድ በሮቹ ላይ አዙሩ። ብርሃን ሳታበሩ ካነሳችሁት ጋር አወዳድሩ። ልዩነት ካለ ወይ ማውንቱ ላልቷል፣ ወይ ቦዲው ተፈትቶ በደንብ አልተገጠመም። ብቻ አትቸኩሉ፤ አንዳንድ የፕላስቲክ ክዳን ራሱ ኢንፍራሬድ ያሳልፋል። ክዳኑን በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ሸፍናችሁ ከደገማችሁት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለያል።

ሹተር ካውንትን በተመለከተ ሰው ለምን ይህን ያህል እንደሚያምነው አይገባኝም። ቆጣሪው የሚቆጥረው ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ነው። የ10 ደቂቃ ኤክስፖዠር አንድ ነው። የ1/1000 ሰከንድም አንድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሴንሰሩን ሲያግል ያደረ ሰው ጠዋት ላይ ቆጣሪው ያልጨመረለት ያህል ነው። በዚያ ላይ በብዙ ሚረርለሶች በኤሌክትሮኒክ ሹተር የተነሳ ፎቶ መካኒካል ቆጣሪው ላይ አይገባም። ታይምላፕስ (በየጊዜው ተነስተው ቪዲዮ የሚሆኑ ፎቶዎች) እና ረጅም ቪዲዮ ሲሠራበት የኖረ ካሜራ "ዝቅተኛ ካውንት" ተብሎ ቢሸጥ ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ለእናንተ ግን የሚነግራችሁ ነገር ጥቂት ነው።

ሻጩ የሚለጥፈው የኮከብ ፎቶም ማስረጃ አይሆንም። የሌሊት ፎቶ አንሺዎች ብዙ ፎቶዎችን ደራርበው አንድ ያደርጋሉ። ሲደራረብ ኖይዙ ይቀንሳል፣ ሆት ፒክስሉም ተጣርቶ ይወጣል። ይህ ነውር የለውም፣ የሙያው አካል ነው። የካሜራውን ጤንነት ግን አያሳይም። አንድ ያልተነካ ራው ፋይል ጠይቁ። "አጥፍቼዋለሁ" ካሉ፣ አዲስ እንዲያነሱ ጠይቁ።

ሞዴልም መምረጥ አለ። ምንም ሳይበላሽ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ለዚህ ሥራ የማይመች ካሜራ አለና። ከሶኒ አልፋ 7 ሁለተኛ ትውልድ፣ በ2015 የወጡት 7አር 2 እና 7ኤስ 2 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከተወሰኑ የሶፍትዌር ስሪቶች በኋላ ከ4 ሰከንድ ገደማ ጀምሮ ራው ፋይሉን ያጣራሉ። ማጣሪያው ትንንሽ ኮከቦችን እንደ ሆት ፒክስል ቆጥሮ ያደበዝዛቸዋል። የዘርፉ ሰዎች "ኮከብ በሊታ" ይሉታል። በባልብ (ሹተሩ አንሺው እስከፈለገው ድረስ ተከፍቶ በሚቆይበት ሁነታ) ሲነሳ ደግሞ የራው ጥልቀቱ ከ14 ቢት ወደ 12 ቢት ይወርዳል። በኋላ በመጡት ሞዴሎች ነገሩ ተሻሽሏል። በ2013 የወጣው የመጀመሪያው አልፋ 7አር ማውንቱ አካባቢ ብርሃን እንደሚያስገባ ብዙ ተጠቃሚዎች በፎቶ አሳይተዋል። የዚያው ዓመት ኦሊምፐስ ኢ-ኤም1 በቀን ድንቅ ካሜራ ነው፣ ረጅም ኤክስፖዠር ላይ ግን በነጥብ ብዛት ይታወቃል። ርካሽ ሆነው ስታገኟቸው ምክንያቱን እወቁት።

በተቃራኒው ለሌሊት ሥራ ታስበው የተሠሩ ነገሮች አሉ። በ2020 የመጡት ኒኮን ዜድ6 2 እና ዜድ7 2 ያለ ሪሞት እስከ 900 ሰከንድ ድረስ ያነሳሉ። ኦሊምፐስ ከ2014 ወዲህ ባመጣው ላይቭ ኮምፖዚት የኮከብ ዱካ እየተሠራ በስክሪን ማየት ይቻላል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንዳንድ ቦዲ ደግሞ ባልብ ላይ ከ1 ወይም ከ2 ደቂቃ በላይ አይሄድም። ይህን በማኑዋሉ ላይ ማረጋገጥ ነጻ ነው።

"ለአስትሮ የተሻሻለ" (ለሰማይ አካላት ፎቶ የተቀየረ) የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ጥንቃቄያችሁን እጥፍ አድርጉት። ከሴንሰሩ ፊት ያለው ማጣሪያ ተነሥቷል ወይም ተቀይሯል ማለት ነው። ዓላማው ኔቡላዎች (በጠፈር ያሉ የጋዝ ደመናዎች) የሚያወጡትን 656 ናኖሜትር ላይ ያለ ቀይ ብርሃን በብዛት ለማስገባት ነው። በሙያተኛ እጅ ሲሠራ ጥሩ ነገር ነው። ካኖንም በ2019 ኢኦኤስ አርኤ የሚባል ከፋብሪካው ለዚሁ የተዘጋጀ ካሜራ አውጥቶ ነበር። ችግሩ ማን እንደፈታው የማይታወቅ ቦዲ ነው። ከመስታወቱ በታች የቀረ አቧራ፣ የተዛባ ፎከስ፣ የላላ የእርጥበት መከላከያ ይዞ ይመጣል። የባሰው ደግሞ ሳይነግሯችሁ መሸጣቸው ነው። ቀን ላይ ነጭ ወረቀት አንሱ። ኋይት ባላንሱ (የቀለም ሚዛኑ) ዴይላይት ላይ ሆኖ ፎቶው ወደ ቀይ ወይም ሮዝ ካደላ፣ ማጣሪያው ተነክቷል።

የሌሊት ካሜራ ጤዛ ይጠጣል። ስለዚህ የባትሪ ቤቱን፣ የፍላሽ መግጠሚያውን፣ የሪሞት መሰኪያውን በእጅ ባትሪ እዩ። አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ በቃ። ከታች ያለው የትራይፖድ ብሎን ቤት ጥርሱ መበላቱን በራሳችሁ ትራይፖድ አረጋግጡ። የባትሪ ጉዳይም አለ። የሶኒ ኤንፒ-ኤፍደብሊው50 አዲስ ሆኖ እንኳ 1020 ሚሊአምፒር ሰዓት ብቻ ነው፤ ያረጀው ወይም ፎርጅዱ በብርድ ሌሊት ገና ሳትጀምሩ ያልቃል። ቦዲውን ስታወዛውዙ ውስጡ ኳ ካለ ግን ወዲያው አትጠርጥሩ። ማረጋጊያ (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክስ ክፍል) ያላቸው ብዙ ሴንሰሮች ካሜራው ሲጠፋ ልቅ ይሆናሉ። ይልቅ ትራይፖድ ላይ አቁማችሁ ማረጋጊያውን አጥፍታችሁ የ30 ሰከንድ ፎቶ አንሱ። የቆመ ነገር ከተንሸራተተ ማረጋጊያው ተበላሽቷል።

በርቀት ከሆነ የምትገዙት፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት የ4 ደቂቃ ክዳን የተገጠመባቸው ራው ፋይሎች፣ ኖይዝ ሪዳክሽኑ ጠፍቶ፣ እንዲላኩላችሁ ጠይቁ። የፋይሉ መረጃ ውስጥ ሰዓቱንና የኤክስፖዠር ርዝመቱን ታገኛላችሁ፤ በብዙ ሞዴሎች የሲሪያል ቁጥሩም አለ። ቦዲው ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩት። የመመለሻ ቀን በጽሑፍ ይስማሙላችሁ፣ "በረጅም ኤክስፖዠር እንከን ከተገኘ" የሚለውም ይግባበት። ካሜራው እጃችሁ እንደገባ ፈተናውን በዚያው ዕለት ድገሙ፤ ካርቶኑንም ያ ቀን እስኪያልፍ አትጣሉ።