ፖርሽ ካየን ኤስ ጅማ ላይ፦ ከ14 ወር በኋላ

ሁሌ የሚጠየቀውን አስቀድሜ ልመልስ። አዎ፣ ቤንዚን ይበላል። አዎ፣ ጎማው ውድ ነው። አይ፣ ቪ ኤይት አይደለም።

የመጨረሻዋን በየቀኑ ነው የምመልሳት። እኛ ሰፈር ጥቁርና ትልቅ መኪና ሁሉ ለልጆቹ "ቪ ኤይት" ነው። ስምንት ሳይሆን ስድስት ሲሊንደር ነው ብል ማን ሊሰማኝ። አሁን ትቼዋለሁ፣ እጄን አውለብልቤ አልፋለሁ።

ስገዛ ሦስት መኪና ፊቴ ነበር፤ ሌክሰስ ኤልኤክስ 570፣ ሬንጅ ሮቨር ስፖርትና ካየን ኤስ። ሦስቱም ያገለገሉ፣ ሦስቱም አገር ውስጥ ሰሌዳ ያላቸው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ የሚመረጠው ከገባው ላይ ነው። ሻጩም ይህን ያውቃል። ዋጋ ሲጠራ ዓይኑን አያሽም።

ጓደኞቼ በአንድ ድምፅ "ሌክሰሱን ያዝ" አሉኝ። ተሳሳቱ አልልም። ቶዮታ ነክ ነገር ከሆነ ጅማ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክ አይጠፋም። ግን ሌክሰሱ 5.7 ሊትር ሞተር ይዞ ተርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የለውም። ተርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ አዲስ አበባ 2,300ን ታልፋለች። የካየኑ ሞተር 2.9 ሊትር ብቻ ነው። ሁለት ተርቦ ስላለው ግን የሳሳውን አየር ጨምቆ ያስገባል። 440 የፈረስ ጉልበት፣ ከቆመበት እስከ 100 በ5.2 ሰከንድ። ይህን ስሰማ ምክር የሚሰማ ጆሮ አልቀረኝም። ሬንጅ ሮቨሩንማ ባለቤቱ ሊብሬውን ለማሳየት ሦስት ቀን ሲያመላልሰኝ ተውኩት።

እውነቱን ልንገራችሁ። ያን ሁሉ ፈረስ በ14 ወር ውስጥ የተጠቀምኩበት ጊዜ ቢደመር አንድ ሰዓት አይሞላም። ፋብሪካው እስከ 265 ይሄዳል ይላል። እኔ ያየሁት ወረቀት ላይ ነው። መንገዱ ላይ ባጃጅ አለ፣ በሬ አለ፣ ጊቤ ላይ ደግሞ መሃል አስፋልት የሚቀመጥ ዝንጀሮ አለ። ጉልበቱ የሚያስፈልገው ለአንድ ነገር ነው። ከጊቤ ወደ ወልቂጤ ዳገቱን ስትወጡ ሲኖትራክ ፊታችሁ ይሳባል። ክፍት ቦታ ሲገኝ መርገጥ፣ ማለፍ፣ ወደ መስመር መመለስ። በድሮው ፒክአፔ እስከ አስር እየቆጠርኩ፣ እየጸለይኩም፣ የማልፈውን አሁን ሦስት ሳልቆጥር አልፋለሁ። ቁልቁለቱን ስወርድ ደግሞ የሚያስፈልገኝ ፍሬን ነው። የጭነት መኪኖቹ ፍሬን ሽታ መስኮት ዘግቼም ይገባል። እኔ ማርሹን በእጅ ዝቅ አድርጌ በሞተሩ እይዘዋለሁ፣ ፍሬኑን የምነካው አልፎ አልፎ ነው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ስገዛ ቁብ ያልሰጠሁት ነገር ነው። የአየር ሱስፔንሽኑ። መኪናው በመደበኛው ከመሬት 190 ሚሊሜትር ነው፤ በቁልፍ እስከ 245 ይነሳል። ሥራዬ ቡና ነው። ከአጋሮ ከአስፋልቱ ወጥቼ ወደ ማጠቢያ ጣቢያዎቹ ስገባ ክረምት ላይ ቀይ ጭቃ፣ በጋ ላይ የተቦረቦረ ፒስታ ይጠብቀኛል። አምስት ሴንቲሜትር ተኩል ምን ያደርጋል የሚል ሰው ሆዱን ድንጋይ ገጭቶት አያውቅም።

ዝቅ ማለቱም አለ። እናቴ ወገቧን ያማታል። ፒክአፑ ላይ ስትሳፈር ያቺን የጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ ነበር የምናቀርብላት፤ ጭነን ነው የምንዞረው። ካየኑ ዕቃ መጫኛው ጋ ያለው ቁልፍ ሲነካ ከኋላ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ ቀን አጠገቡ ቆማ አየችው። ሽሽ ብሎ ወረደ። "እንዴ፣ እንደ ግመል ተንበረከከ እኮ!" አለች። ገባች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። "በል በርጩማውን አውርደው ልጄ፣ ቤት ይፈለጋል።" ስለ 440ው ፈረስ እስከ ዛሬ ጠይቃኝ አታውቅም።

ወደ ጎማ እንምጣ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። የገዛሁት ባለ 21 ኢንች ቸርኬ ነበር፤ የፊቱ 285/40፣ የኋላው 315/35። ያምራል፤ አልዋሽም። ግን 315/35 ማለት የጎማው ስፋት 315 ሚሊሜትር፣ ከፍታው የስፋቱ 35 በመቶ ነው፤ ከቸርኬው እስከ አስፋልቱ ያለው ጎማ 11 ሴንቲሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። ሐምሌ ላይ ከሰኮሩ ወደ አሰንዳቦ ሲመሽ ውኃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ጓ! የኋላ ቀኝ። ስኮርታ የለኝም፤ ያለኝ የመድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ ፓምፕ ነው። የጎሚስታው ልጅ በስልኩ መብራት አየው። ጣቱን ወደ ቅዳዱ አስገባ፣ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባለት።

"ጋሼ፣ ይሄ ጎኑ ነው የተቀደደው። አይደፈንም።"

"ሌላ ጎማስ?"

"የዚህ ልክ? እዚህ አይደለም ጅማም አያገኙም።"

የአይሱዙ ጎማ በየቦታው ተደርድሯል፤ የኔ ልክ የለም። አዲስ አበባ ደውዬ ጎማው በአውቶብስ ተጭኖ በሦስተኛው ቀን መጣ። እስከዚያ መኪናው በክሪክ ቆሞ፣ የመንደሩ ልጆች ዙሪያውን "ቪ ኤይት ተበላሸ" ይሉ ነበር።

በሳምንቱ ወደ 19 ኢንች ወረድኩ፤ ፊት 255/55፣ ኋላ 275/50። የጎማው ከፍታ ወደ 14 ሴንቲሜትር ተጠጋ። ሌላ መኪና የገዛሁ ነው የመሰለኝ። የጅማ ኮብልስቶን ከጥርሴ ወረደልኝ። መልኩ ትንሽ ቀነሰ፤ ይቀንስ። ልብ በሉ፣ የፊቱና የኋላው ጎማ ስፋት ስለሚለያይ ፊቱን ወደ ኋላ እያዛወሩ እኩል ማስጨረስ አይቻልም። ይህን ማንም ሻጭ አይነግራችሁም።

ቤንዚን፦ በእኔ እግር ረጅም መንገድ ላይ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር፣ ከተማ ውስጥ 5። ሳልባትዮው 75 ሊትር ነው። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ 88 ሊትር ይፈልጋል። ያው የሆነ ማደያ ሰልፍ ውስጥ ታድራላችሁ። 90 ሊትር የሚይዝ ሳልባትዮ ያለውም አለ፤ ስትገዙ ጠይቁ፣ እኔ አልጠየቅኩም። ማደያ ባዶ ሲሆን የሚቀርበውን የጀሪካን ቤንዚን ለዚህ ሞተር አልደፍርም።

ዘይትና ፊልትሮ ጅማ ይቀየራል። ኮምፒውተሩን ለማስነበብ ግን አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ፤ እስካሁን ሁለቴ ሄጃለሁ፣ ሁለቴም ከሥራ ጉዞ ጋር አያይዤ ነው። ወንበሩና ድምፁ ጥሩ ነው፤ በዚህ ዋጋ ጥሩ ባይሆን ነበር የሚገርመው።

ዛሬ ብገዛ? ካየኑን እንደገና እወስዳለሁ፣ ግን የአየር ሱስፔንሽን ያለውን፣ ቸርኬውም 19 የሆነውን። ኤስ፣ ማለትም ከመደበኛው ካየን ጉልበቱ ከፍ ያለው፣ መሆኑ ላይ ብዙ አልከራከርም። ከአስፋልት የማይወጣ፣ ጉድጓድ የሚፈራ ሰው ሌላ ሐሳብ ይኖረው ይሆናል። በጭቃ ውሎ የሚያድር፣ ጋራዥ ደጁ እንዲሆን የሚፈልግ ደግሞ ጓደኞቼን ይስማ፣ ሌክሰሱን ይያዝ።

የኋላ ጎማዎቼ ከፊቶቹ ቀድመው እያለቁ ነው። ጥንድ አዝዣለሁ፣ ከመስቀል በፊት ይደርሳል ብለውኛል።